«ያኔ የት ነበሩ?» ላሉ እናትና ጋዜጣ ለሚሰበስበው ልጃቸው

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው የምኖረው። 36 ዓመቴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ከአምስት ዓመት ወዲህ የድሮ ጋዜጣ እሰበስባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ሳይሆን አገር ያለቀሰበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣውን እትም ብቻ ነው። እስካሁን 40 ያህል ደርሶልኛል። ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ሰው በቴሌግራም የስድሳዎቹን ባለሥልጣናት ግድያ ያወጣ የኅዳር 14 ቀን 1967 አዲስ ዘመን አለኝ፣ 18 ሺህ ብር ነው አለኝ። የፊት ገጹን ፎቶ ልኮልኛል። ልግዛው ወይ? ሁለተኛው እናቴ ናት። የ66ቱን ረሃብ በልጅነቷ አይታዋለች፣ ከየጁ በእግሯ መጥታ ነው ደሴ የገባችው። የረሃቡ ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አይታኝ ‹ይሄን ከቤቴ አውጣልኝ፣ ያኔ የት ነበሩ?› ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሟርት መስሏት ነው መሰለኝ። ሦስተኛ፣ የአባቴ እናት ቤት ግድግዳው በሙሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው። ቤቱ በቅርቡ ሊፈርስ ስለሆነ እንዴት አድርጌ ልላጠው? ሰብሳቢው ነኝ።»

ሰብሳቢው፣ መጀመሪያ ስለ ብሩ እንጨርስ። አትግዛው። ቢያንስ እንደዚያ ተብሎ የቀረበልህን አትግዛው።

ስድሳዎቹ የተገደሉት ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ነው። ሕዝቡ የሰማው በማግሥቱ እሑድ ጠዋት በሬዲዮ ነው። ኅዳር 14 የሚል ቀን የተጻፈበት ጋዜጣ በዚያን ዕለት ጠዋት ታትሞ፣ ተሽጦ፣ ምናልባትም ማታ ሳይደርስ አንዱ ሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት አልቋል። የማታውን ዜና ከየት አምጥቶ ይይዘዋል? እንግዲህ ወይ ሰውዬው ቀኑን አያውቀውም፣ ወይ ሌላ ቀን የወጣ ጋዜጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ፎርጅድ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ይቅርታ ይደረግለታል፣ ቀኑን አስተካክሎ ዋጋውንም አስተካክሎ ይምጣ።

ይህ ስህተት ብዙ ሰብሳቢ ይጥላል። አደጋው የደረሰበትን ቀን ይዘው ጋዜጣ ይፈልጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ያለቀው እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ጠዋት ነው። የዚያን ቀን ጋዜጣ ብታገኝ ስለ አውሮፕላኑ አንድ መስመር የለበትም፣ ምክንያቱም ታትሞ ያደረ ነው። የምትፈልገው የሚቀጥለውን ነው።

ስለ ኅዳር 14 ካነሳን አይቀር ሌላም ወጥመድ አለ። በዚያው ኅዳር 14፣ እንደዚያው ቅዳሜ ቀን፣ ግን በ1989፣ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ተጠልፎ ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ አለቀ። ስለዚህ ፖስታው ላይ «ኅዳር 14» ብለህ ብቻ ጽፈህ እንዳታስቀምጥ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምርበት፤ ነገ ልጅህ ከፍቶ ግራ ይጋባል። ኢትዮጵያን ሄራልድ የምትሰበስብ ከሆነማ ጣጣው ይብሳል፣ እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ኅዳር 15 ቀን 1967 እዚያ ላይ ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ነው። ሁለቱንም ቀን ጻፍ።

ሻጩ የላከልህ የፊት ገጽ ፎቶ ምንም አያረጋግጥም። ከኢንተርኔት አውርዶት ይሆናል። የጀርባውን ገጽ ይላክልህ፣ የመሃሉንም፣ እጥፋቱንም ቀረብ አድርጎ አንስቶ ይላክ። ፊት ገጹ ላይ ያለው ዜና ወደ ውስጥ ገጽ ይዞራል የሚል ከሆነ ያ ገጽ ላይ ቀጣዩ አለ ወይ? ከስሙ አጠገብ የተጻፈው የዓመትና የቁጥር ተራ በዚያው ሰሞን ከወጡ ሌሎች እትሞች ጋር ይገጥማል ወይ? ደግሞ እርጅናውን እየው። የእውነት ያረጀ ጋዜጣ ከዳር ነው የሚጀምረው፣ ጠርዙና እጥፋቱ ቡናማ ሆኖ መሃሉ ፈካ ይላል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢጫ የሆነ ወረቀት ካየህ ሻይ የጠጣ ወረቀት ነው በለኝ።

አንተ ለሱቅህ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ መመላለስህ አይቀርም። አንዱን ጉዞ ግማሽ ቀን ጨምርበትና ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግባ። የዚያን ሳምንት ጋዜጣ አስወጥተህ ትክክለኛውን በዓይንህ ብሌን እየው። ከዚያ በኋላ ማንም ሿሿ አይሠራህም። ቀብድ በቴሌብር ላክ የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ደግሞ ሰላም ብለህ ውጣ። ጋዜጣውን ሳትዳስስ አንድ ብር እንዳትከፍል።

አሁን ወደ እናትህ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። «ሟርት» የሚለው ቃል የአንተ ነው፣ ከእሳቸው አፍ አልወጣም። እሳቸው ያሉት «ያኔ የት ነበሩ?» ነው። አንተ ኩርፊያውን ሰማህና ጥያቄውን አለፍከው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ ስብስብህ ከተነገረህ ሁሉ ቁም ነገር ያለበት ይሄ ነው።

እስቲ እንመልስላቸው። በ1965 የወሎ ሰው ከየጁ፣ ከራያና ቆቦ፣ ከአምባሰል እየወረደ የመኪናው መንገድ ዳር ሲወድቅ መንግሥት ነገሩን ደብቆት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እዚህ ወሎ ድረስ መጥተው፣ ፎቶግራፍ አንስተው፣ አዲስ አበባ ወስደው አሳዩ። የዓለም ሰው የሰማው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው፣ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ። ያ ፊልም እዚህ አገር ለሕዝብ የታየው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፣ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው። ያውም ደርግ ከንጉሡ ድግስ ጋር እየቀላቀለ፣ በማግሥቱ ከዙፋን ሊያወርዳቸው ሲል። የሟቹ ቁጥር ግምት እስከ ዛሬ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል፣ የቆጠረ አልነበረማ!

ገባህ? እናትህ በልጅ እግራቸው ያን ሁሉ መንገድ ሲመጡ የሚጽፍላቸው አልነበረም። ፎቶው በየቦታው የታየው ንጉሡን ለማውረድ ሲፈለግ ነው። አንተ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋህላቸው ጋዜጣ ለእሳቸው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ለቅሶው ካበቃ በኋላ ድንኳን ፈልጎ የመጣ ዓይነት። ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል?

እና አሁን ስለ ስብስብህ ልንገርህ። «ረሃቡን መጀመሪያ የዘገበው እትም» እያልክ የ65ን ጋዜጣ ብታስስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሆንብህ። ግን የ65ን ጋዜጣ ግዛ። አዎ፣ ግዛ! ምንም ትልቅ ነገር ያልተጻፈበትን፣ ማንም የማይፈልገውን፣ ቁራሌው በኪሎ የሚወስደውን። ለምሳሌ የሐምሌ 16ን ሰሞን ፈልግ፣ የንጉሡ ልደት ነው። ገጽ በገጽ ክፈተው። ማን ምን መረቀ? ማን ከየት መጣ? የእህል ዋጋ ስንት ተባለ? ወሎ የሚል ቃል ካለ የትኛው ገጽ ላይ፣ በስንት መስመር? ይህን በእርሳስ በወረቀት ጻፍና ከእትሙ ጋር አስቀምጥ። ከዚያ የ67ቱን አጠገቡ አድርገው። እነዚህ ሁለት ጋዜጦች ጎን ለጎን ሲሆኑ 18 ሺህ ብር ከተጠየቅክበት ወረቀት የበለጠ ይናገራሉ። እኔ ሰብሳቢ ብሆን ስብስቤን ሁሉ እንዲህ ጥንድ ጥንድ አደርገው ነበር፣ ዝም ያለበትንና የተናገረበትን።

የ77ቱም ረሃብ እንዲሁ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ የኮረም ዘገባ፣ መሐመድ አሚን ከቀረጸው ምስል ጋር፣ ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ናት። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም ላይ፣ አዲስ አበባ ምን ላይ ነበረች? የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የደርጉ ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ በዓል ላይ። የዚያን መስከረም አዲስ ዘመንና ሠርቶ አደር ፈልግ። ብዙ ሰው ቤት ቁም ሳጥን ሥር ተነጥፎ ይገኛል፣ በእኔ ይሁንብህ።

እሳቸውን ግን አንተ በቀጥታ ተነጋገር። ጋዜጣ ይዘህ አይደለም። ቡና በተፈላበት ቀን፣ ቶና ላይ ስትደርሱ፣ «እማዬ፣ ልክ ነሽ፣ ያኔ አልነበሩም» በላቸው። ይቺን ብቻ። ከፈለጉ ያወራሉ። ካወሩም «ጥቅምት ነው፣ ኅዳር ነው» እንዲሉህ አትጠብቅ። የዚያ ዘመን ሰው «ከመስቀል በፊት፣ ማሽላው ሳይሸት» ነው የሚልህ። ያሉትን እንዳሉት ጻፈው፣ አታስተካክለው፣ ስልክህንም ሳታስፈቅድ አታብራ። ካላወሩ አብሽር፣ ተወው። ሃምሳ ዓመት ያልተናገሩትን ለአንተ ካርቶን ማሟያ ብለው የመናገር ግዴታ የለባቸውም።

ሬሳና የተራበ ሕፃን ያለበትን ፎቶ ግን ከሳሎን አውጣ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ሱቅህ ጓዳ ውስጥ አንድ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን አይጠፋህም። እግረ መንገዴን ደግሞ ልለምንህ፣ እንደዚያ ዓይነቱን ገጽ እያነሳህ ቴሌግራም ላይ አትልቀቅ። የሟች ዝርዝር ያለበትንም እንዲሁ። የቀይ ሽብር ሐዘን ያለበት ቤት ደሴ ውስጥ ስንት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አንተ «ብርቅ እትም» ብለህ የለጠፍከው ላይ አንዱ የወንድሙን ስም ያነባል።

አንድ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ ስላጣሁ ገረመኝ። የደሴ ልጅ ሆነህ የደሴን ቀን እንዴት ረሳኸው? ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ። ንጉሡ እዚሁ ነበሩ፣ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ፎቶ ተነስተዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመትቷል። ዋናው ነገር ደግሞ በዚያን ቀን ብዙ የውጭ ጋዜጠኛ ደሴ ላይ ነበር። ስለዚህ የዚህኛው መከራ ዜና ከዚሁ ከከተማችን ተነስቶ በማግሥቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1935፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ጋዜጦች ወጣ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የዘገበው እትም» የሚባል ነገር በእውነት ያለው እዚህ ጋ ነው። ውጭ ዘመድ ካለህ ልብስና ሽቶ ከምታስልክ ይሄን አስፈልግ። እግረ መንገዱንም ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ብላ ታሳትመው የነበረውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ቢያይልህ ጥሩ ነው። ከሚያዝያ 1928 ጀምሮ ነው የወጣው፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ እዚህ ያለው ጋዜጣ ሁሉ በጣልያን እጅ ሆኖ ሳለ እሷ እዚያ ሆና ትጽፍ ነበር። በተቃራኒው ያንተን ስብስብ ወደ ውጭ ልትልክ ካሰብክ ግን መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ። አየር ማረፊያ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

አያያዝ ደግሞ አለ። አልጠየቅከኝም፣ ግን «በፕላስቲክ አስለብሻቸዋለሁ» የሚለውን አንብቤ ደነገጥኩ። ላሚኔት ማለትህ ከሆነ ዛሬውኑ አቁም። እኔ በወጣትነቴ አባቴ ያስቀመጡትን አንድ ጋዜጣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግኩት። ማሽኑ መሃል ላይ አኮማተረው። ያ ሽፍን አንዴ ከተጣበቀ አይነሳም። ዛሬም አለኝ፣ አንዱ ዓምድ እንደ ጨርቅ ተጨማዷል፣ ባየሁት ቁጥር ራሴን ነው የምረግመው። ከሱ በፊት ደግሞ ሌላውን በስኮች ጠግኜው ነበር። ስኮቹ ከዓመታት በኋላ ራሱ ተላቀቀ፣ የተወው ቡናማ ዘይት ግን ፊደሉን በላው።

የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ነው የሚሠራው። ከእንጨቱ የቀረው ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኝ ይጠቁራል፣ አሲድ ያወጣል፣ ወረቀቱም እንደ ቂጣ ፍርክስክስ ይላል። ይህን ማስቆም አይቻልም፣ ማዘግየት ነው የሚቻለው። ጨለማ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ደሴ ቅዝቃዜው አለ፣ ክረምት ላይ ግን የጦሳ ተራራ ጉም በር ከፍቶ ነው የሚገባው። እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ ስለዚህ ካርቶኑን ከግድግዳ አርቀው፣ ከመሬትም ከፍ አድርገው። «ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ላስቀምጠው ይሆን» ብለሃል። ኮምቦልቻ ይሞቃል። ቆጥ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ይቅር። መሃል ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ በካርቶን ከሆነ ግን አይከፋም።

አትጠቅልለው። ደጋግመህ አትጠፈው። ዘርግተህ፣ በየጋዜጣው መካከል ንጹሕ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እያስገባህ አስተኛው። ነጩ ቢጫ መሆን ሲጀምር ቀይረው፣ ሱቅህ ውስጥ በእሽግ በእሽጉ የሞላ ነው። ፌስታል ውስጥ አታፍነው። የብል መድኃኒቷንም ወረቀቱ ላይ አታስቀምጣት። ስቴፕልና አግራፍ ካለው አውልቅ፣ ይዝጋል። ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ በደህና ስልክ ፎቶ አንስተህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ፣ አንዱ ከደሴ ውጪ ይሁን። በ2014 በጦርነቱ ስንት ቤት ስንት ወረቀት እንደጠፋ ለአንተ አልነግርህም።

የቀረው የአያትህ ግድግዳ ነው። እንዴት ልላጠው አልክ። አትላጠው።

በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ጋዜጣ ነው። በውሃ ብታርሰው ሙጫው ሊለቅ ይችላል፣ ግን ወረቀቱ ቀድሞ ገንፎ ይሆናል። በደረቁ ብትላጠው ደግሞ በጣትህ ልክ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣልህ። መጀመሪያ ፎቶ አንሳ። ረፋድ ላይ በርና መስኮቱን ከፍተህ፣ ፍላሽ ሳታበራ፣ በሩ ካለበት ግድግዳ ጀምረህ በቀኝ በኩል እየዞርክ፣ አንዱ ፎቶ ከሌላው ጋር ትንሽ እንዲደራረብ አድርገህ። ከዚያ ራሱ የለቀቀውን ጠርዝ በስሱ ገልጠህ ከሥሩ ምን እንዳለ እይ። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለኢድ ቤት ሲታደስ በአሮጌው ላይ አዲስ ይለጠፋል እንጂ አሮጌውን የሚልጥ የለም። ስለዚህ የምትፈልገው ዓመት ከላይ የማይታየው ሊሆን ይችላል።

ቤቱ መፍረሱ ካልቀረ፣ አናጺ ወይም ግንበኛ ጓደኛ ፈልግና ጋዜጣው ደህና የሆነበትን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ቦታ ከነጭቃው ቆርጣችሁ አውጡት። ጣውላ ላይ አስተኝታችሁ፣ አንሶላ አልብሳችሁ። ይከብዳል፣ ይራገፋልም፣ ግን ጋዜጣው፣ ጭቃው፣ ጭዱና ጥላሸቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ከማርጀቱ በላይ ማን ቤት እንደነበረ የሚናገር ጋዜጣ ስብስብህ ውስጥ የለህም።

ተገልብጦ የተለጠፈ ካገኘህ ፎቶውን እንደተገለበጠ አንሳው፣ ለማንበብ ብለህ አታዙረው። አያትህ ሲለጥፉት የሚያሳስባቸው በስንጥቁ የሚገባው የሐምሌ ብርድ ነበር።

ሻጩ የጀርባውን ገጽ ከላከልህ መልሰህ ጻፍልኝ። ካልላከም ጻፍልኝ።